ያለ ቦታዋ የተሳለችው ቤት

የካፒቴኑ ቤት ደወል እሁድ ጠዋት ተደውሎ አያውቅም። ወደዚያ ቤት እንግዳ የሚመጣው በቀጠሮ ነው፤ በቀጠሮ የመጣ እንግዳ ደግሞ ጣቱን ደወሉ ላይ ረስቶ አይቆምም። ሠዓሊዋ የካፒቴኑ ልጅ ቀለም በነካካው ሸሚዟ ደረጃውን ወርዳ በሩን ስትከፍት፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አግኝታት የማታውቅ ሴት ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቢሆንም ለየቻት። ዓይኖቿ የምታውቃቸው ዓይኖች ነበሩ። የሴትዮዋ ልጅ ፊት ላይ ሲስቁ አይታቸዋለች፤ እዚህ ግን አይስቁም።

«የፒንሳ እናት ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ልጄ ሲነጋ ተነሥቶ ወጥቷል። ጀልባውም ወደቡ ላይ የለችም። ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር፤ ምን ብላችሁት ነው?»

ፒንሳን ላላወቀው አንባቢ በአጭሩ፦ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከኋላ ኪሱ ፒንሳ ተለይታው ስለማታውቅ ስሙም ከዚያው ወጣ። የካፒቴኑን የግል ጀልባ ሊሠራ መጥቶ፣ ሞተሩን በግማሽ ቀን ጠግኖ፣ ልቡን እዚያው ጥሎ የሄደ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያች ጀልባ መበላሸት አበዛች። ማን እንደሚያበላሻት ሠዓሊዋ ታውቃለች፤ እኛም አንናገርም።

ትናንት ወደ ማታ ግን ፒንሳ የመጣው ለሞተር አልነበረም። የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁር ግራሶ እየደበቀ፣ ካፒቴኑ ፊት ቆሞ ልጅዎን ይስጡኝ አለ። የወደቡ ኃላፊ የሆነው ካፒቴን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፈገግ ብሎ «ልጄን ወስደህ የምታስገባበት ቤትህ የት ነው?» ሲል ጠየቀው። ፒንሳ እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሥዕል አመለከተ። «ያ ነው ቤቴ» አለ። ካፒቴኑ ሳቀ። «ቀለም ውስጥ ነው እንዴ የምታድሩት?» ያኔ ፒንሳ ዞሮ ሠዓሊዋን አያት። ትንሽ ነገር ነበር የፈለገው፤ ዓይኗን ብቻ። እሷ ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ፒንሳ ቀና እስክትል ጠበቀ፣ ጠበቀና ወጣ።

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ» አለች ሠዓሊዋ አሁን፤ ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት። «የት እንደሄደ አውቃለሁ መሰለኝ። ጠዋት መልእክት ልኮልኛል።»

ስልኳን አውጥታ አነበበችላት። «ዛሬ ከደሴቷ የቤታችንን በር እጀታ ነቅዬ አመጣለሁ። አባትሽ በእጁ ይጨብጠው።» ጠዋት ስታየው አኩርፎ የጻፈው ቀልድ መስሏት ነበር። ጮክ ብላ ስታነበው ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት።

ሴትዮዋ ልትቀመጥ ስትል ተወችው። «ወደ ደሴቷ?» አለች። «መግቢያውን በምን ያውቀዋል? እኔ እኮ በእቅፌ ነው ያወጣሁት።»

እውነቷን ነው። ደሴቷ ላይ ሰው ከኖረ ቆይቷል። መርከብ መመላለሱን ሲያቆም፣ ሐኪም መምጣቱን ሲተው፣ የቀሩት ቤተሰቦች በአንድ ቀን ተጭነው ወደ ከተማው መጡ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጆች እንኳን አይጠጓትም፤ ዙሪያዋን ውኃው ሥር የተደበቀ ዓለት ነው።

«እርስዎ ምንም አልነገሩትም?»

«ስለዚያ ቦታ ማውራት አልወድም። አንድ ነገር ብቻ ነግሬዋለሁ። በራችንን ፊት ለፊት አድርጎ የመጣ ሰው ዓለት አይነካውም። በሩን ካየህ በሩን እመን፣ ሌላውን መግቢያ ተወው ብዬዋለሁ። ግን ቤታችን የት ጋ እንዳለች በምን ያውቃል? አይቷት አያውቅም።»

«እሱንስ ያውቃል» አለች ሠዓሊዋ፤ ደስ እያላት፣ ሴትዮዋን ትከሻዋን ይዛ ወደ ግድግዳው እያዞረቻት። «ከሥዕሉ ያውቀዋል።»

ሥዕሉ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሞልቶታል። ግራጫ ገደል፣ ከገደሉ አናት ላይ በመጥረቢያ የተመታ የሚመስል የተሰነጠቀ ዓለት፣ ቁልቁለቱ ላይ ጣሪያቸው የወደቀ ግንቦች፣ ከታች ነጭ አረፋ። መሀል ላይ፣ ልክ ከተሰነጠቀው ዓለት ሥር፣ ብርሃኑ ሁሉ ተሰብስቦ በወደቀበት ቦታ፣ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ትንሽ ቤት ቆማለች። የፒንሳ አባት ከመርከብ የተረፈ ቀለም ለምኖ የቀባው በር ነው። ከደሴቷ ሁሉ ሰማያዊ በር የነበረው የእነሱ ብቻ ነበር።

እናትየው ቀረብ አለች። ሳሙና ያሻከረውን ጣቷን አንሥታ ሸራውን ሳትነካ ከገደሉ ጋር ወረደች። በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት፤ ያለችበት ሳሎን የሚያስፈራት ነገር ሞልቶት ነበር፣ አሁን ግን ሳሎኑን ረስታዋለች።

«እንዴት ታምራለች» አለች። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ይቺ የማን ቤት ናት?»

«የእናንተ ናት እማማ።»

«የእኛማ እዚህ አይደለችም።» ጣቷ ሰማያዊው በር ላይ ቆሟል። «እዚህ የአኩራፊው ቤት ነው። ከሰው ሁሉ የተጣላ ሰውዬ ነበር። ማንም እንዳይመጣብኝ ብሎ ጀልባ በማይደርስበት ቦታ ላይ ሠራ። ከሥሩ ያለው ውኃ በሙሉ ዓለት ነው። የእኛ ወዲያ ናት፤ እታች፣ ከዚህ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ።»

ሠዓሊዋ ይህን ታውቀው ነበር፤ ቤቷን ሥዕሉ ላይ ማየት ከለመደች ወዲህ ግን ረስታው ቆይታለች። ከአባቷ ጋር በመርከብ ደሴቷን ሲዞሩ በሩቅ ማሳያ መነጽር ያየቻት ቤት ከቋጥኙ ጀርባ ተደብቃ፣ ሰማያዊው በሯ በግማሽ ብቻ ነበር የሚታየው። ሸራው ፊት ስትቆም ግን እዚያ ጥግ ላይ ማን ያያታል አለች። ሠዓሊ ዛፍ ይነቅላል፣ ተራራ ያዛውራል፣ ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ የወዳጇን ቤት አንሥታ የደሴቷ ምርጥ ቦታ ላይ አስቀመጠቻት፤ እዚያ የነበረውንም ፍርስራሽ በእሷ ሸፈነችው። ፒንሳ ሥዕሉን መጀመሪያ ያየ ቀን ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም ነበር። «እዚህ ነበር የምንኖረው?» ሲላት፣ ደስታውን ላለማበላሸት «አዎ» አለች።

«እማማ» አለች፣ «እኔ ነኝ ያዛወርኳት።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልረገመቻትም። ዓይኗን ከሥዕሉ አንሥታ ሠዓሊዋን አየቻት። ሠዓሊዋ ከዚያ በፊት ፍርሃት የምትለው ነገር ሁሉ ፍርሃት እንዳልነበረ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

*

ካፒቴኑ የወደቡ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እሁድንም ቢሮው ነው የሚያሳልፈው። ሴት ልጁ ሳታንኳኳ ስትገባ፣ ከኋላዋ ደግሞ ልብስ አጣቢዋን ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ።

«አባዬ፣ የነፍስ አድን ጀልባዋ ትነሣ።»

«ለማን?»

«ለእሱ። ወደ ደሴቷ ሄዷል። ሬዲዮ የለውም፣ ስልኩም አይሠራም።»

«ያለ ፈቃድ ነው የወጣው» አለ ካፒቴኑ ወረቀቶቹን እያስተካከለ። «ደግሞ ሞኝ አይደለም። ያንን ዳርቻ ያየ ሰው ፈርቶ ይመለሳል።»

«አይመለስም። መግቢያውን የሚያውቅ መስሎታል። ሥዕሉን አምኖ ነው የሄደው፤ ሥዕሉ ደግሞ ውሸት ነው። ቤታቸውን ከቦታዋ አንሥቼ የተሰነጠቀው ዓለት ሥር አድርጌያታለሁ።»

የካፒቴኑ እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያን ሥዕል ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየ «የልጄ እጅ ነው» ሲል የኖረ ሰው ነው። «ለምን?» አለ። «ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«ስለምወደው።»

ቃሉን ከዚያ በፊት ለማንም ብላው አታውቅም፤ ለፒንሳም ቢሆን። ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ የመለሰችው ቃል በመጨረሻ ወጣ፣ የወጣውም ለተሳሳተ ሰው ነው። ቁጣ ጠበቀች። አባቷ ግን አልተቆጣም። ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ከወደቡ ግንብ ባሻገር ነጭ ነጭ ማለት የጀመረውን ባሕር አየ። ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ከዚያ በፊት እዚያ ፊት ላይ አይታው አታውቅም። ካፒቴኑ ፈርቷል።

የነፍስ አድን ጀልባዋ ነጂ ገና ገመዱን ሳይፈታ «ካፒቴን፣ ንፋሱ ሊዞር ነው» አለ።

«አያለሁ። አንተ ሞተሩን ያዝ፤ መሪውን ለእኔ ተው።» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። በሩ ያለበትን ከእሷ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ማንም ሊነግረው አላስፈለገም። «እርስዎም ይምጡ» አላት። ልጁን አትምጪ ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና ተወው።

*

ባሕሩ ከወደቡ እንደወጡ ተቀበላቸው። ጀልባዋ ወደ ላይ ትወጣለች፣ አናቱ ላይ ትንሽ ታመነታለች፣ ከዚያ ቁልቁል ትወርዳለች። ሠዓሊዋ በሁለት እጇ ብረቱን ይዛ በዓይኗ የምታየው ውኃውን ሳይሆን ሸራዋን ነበር። ከቤቲቱ ሥር አረፋ ሥላለች። እያንዳንዱን ነጭ ጭረት ታስታውሰዋለች፤ ደስ እያላት፣ እያንጎራጎረች ነው የሠራችው። አረፋ ባለበት ዓለት አለ። ይህን ፒንሳ ከእሷ በላይ ያውቀዋል። ግን ሥዕሉ ላይ ከአረፋው በላይ ሰማያዊው በር አለ፤ እናቱ ደግሞ በሩን እመን ብላዋለች። ዓለቱን እያየ፣ በሩን አምኖ ይገባል። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየገባ ይሆናል። ወይም ገብቶ ጨርሷል።

«ጀልባ ሲመጣ በር ላይ ሰው ይቆም ነበር» አለች እናትየው በድንገት፣ ለማንም ሳይሆን። «እኛ ሴቶቹ፣ የሞተሩን ድምፅ ስንሰማ የያዝነውን ጥለን በር ላይ መቆም ነው። ወንዶቹ በር አገኘን የሚሉት ሰው ቆሞ ሲያዩ ነው። ሰው ካልቆመ አይገቡም። እሱን ለልጄ አልነገርኩትም። ማን ይቆምለታል ብዬ ነው የምነግረው?»

ሠዓሊዋ እጇን ልትይዝላት ፈለገች፤ መብት ያላት አልመሰላትም።

«ካፒቴን» አለች ሴትዮዋ ቀጥላ፤ «እርስዎ አያስታውሱኝም።»

ካፒቴኑ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ «የት ነው የምንተዋወቀው?» አለ።

«ደሴቷን ለቀን ስንወጣ። ከጀልባ ወደ መርከቡ እጄን ይዘው የሳቡኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ጺምም አልነበረዎትም። ልጁ እቅፌ ውስጥ ያለቅስ ነበር። ‹አይዞሽ፣ ቶሎ ትመለሻለሽ› አሉኝ።» የነፈሰው ንፋስ ሻርፗን ከራሷ ላይ ወሰደው፤ አልያዘችውም። «እኔም እመለሳለሁ ብዬ በሩን ሳልቆልፈው ነው የወጣሁት።»

ካፒቴኑ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ትናንት ማታ ቤትህ የት ነው ብሎ የሳቀበት ልጅ፣ ያ የሚያለቅሰው ሕፃን ነበር። ሠዓሊዋ ከጎን አየችው፤ ለአባቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት፤ ፍርሃቷ ግን ለሐዘን ቦታ አልተወላትም።

*

ደሴቷ ከጉሙ ስትወጣ ሠዓሊዋ ያየችው የራሷን ሥዕል ነው። ገደሉ እንደሣለችው ነበር። የተሰነጠቀው ዓለት እንደሣለችው ነበር። ብርሃኑ እንኳን አልተሳሳተም፤ ልክ እሷ ባስቀመጠችው ቦታ ወርዶ፣ ጣሪያ የሌለው የአኩራፊው ቤት ላይ አርፏል። በጣም ያምራል። ያን ውበት በዚያች ሰዓት እንደጠላችው ምንም ነገር ጠልታ አታውቅም።

ከፍርስራሹ ሥር፣ ከሁለት ዓለቶች መሀል፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ በጎኗ ተኝታለች። ሞገዱ ያነሣታል፣ መልሶ ይጥላታል፤ በጣላት ቁጥር የሚሰበር ሣጥን ድምፅ ይመጣል።

«ሰው አላይም» አለ ካፒቴኑ ቀስ ብሎ። ልጁ እንዳትሰማው የሞከረ ይመስል ነበር።

ሠዓሊዋ ጀልባዋን አወቀቻት፤ የፒንሳ ናት። ያች ጀልባ አናት ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን እያወዛወዘ ሲስቅባት አይታዋለች፤ ቀለም ያለበት አፍንጫዋን በግራሶ እጁ ሊጠርግ ሲል የባሰ አድርጎት ሁለቱም በሳቅ ወድቀዋል። ትናንት ቀና ብትልለት ኖሮ። አንድ ጊዜ ብቻ።

እናትየው ግን ጀልባዋን አላየችም። ካየች ልቧ እንደማይችል ታውቃለች፤ ዓይኗን ወደ ታች፣ ወደ ትልቁ ቋጥኝ ልካዋለች። «ወደ ግራ ካፒቴን» አለች። «ቋጥኙን ይዙሩት። ገና ነው። ገና ነው። አሁን ቀና ያድርጓት።»

ጀልባዋ ዞረች። ከቋጥኙ ጀርባ፣ ማንም በማያያት ጥግ፣ ዝቅ ያለች የድንጋይ ቤት ብቅ አለች። በሯ ላይ የቀረው ሰማያዊ የእጅ መሐረብ ያህል ነው። በሩ ላይ ሰው ቆሟል።

አንድ እጁ ተንጠልጥሏል። በሌላው የበሩን እጀታ ይዟል፤ ባይዘው የሚወድቅ ነው የሚመስለው። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ነው የወጣው። ማንም ሳይነግረው ወጥቶ በር ላይ ቆመ።

«ቀጥታ ወደ እሱ» አለች እናቱ፤ ድምጿ የተሰበረው አሁን ነው። «ቀጥታ ወደ ልጄ።»

ካፒቴኑ ቀጥታ ወደ እሱ ነዳ። ዓለቶቹ በግራና በቀኝ እጅ ቢዘረጋ በሚደርሱበት ርቀት አለፉ። እስኪያልፉ ድረስ ከጀልባዋ ሰዎች የተነፈሰ አልነበረም።

*

ሠዓሊዋ ጀልባዋ ሳትቆም ዘለለች። በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሮጠች፤ እሱ ጋ አንድ እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች። ብትነካው ሥዕል ሆኖ የሚቀር መሰላት።

«ቤታችን እዚያ አልነበረችም» አለ ፒንሳ። ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል። «በዓለቱ ላይ ስሳብ፣ ስሳብ መጥቼ ነው ያገኘኋት።»

«አውቃለሁ። ሣልኩ ብዬ ያዛወርኳት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እዚህ ጥግ ማን ያያታል ብዬ። የአንተ ስለሆነች ሰው ሁሉ እንዲያያት ፈለግኩ።»

ፒንሳ ሕይወቱን ሊያሳጣው የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ቀስ እያለ ገባው። «ትናንት ግን» አለ፣ «ቤቴን ሳሳይ ወለሉን አየሽ። ያፈርሽብኝ መሰለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት፤ ለአባትሽ አይደለም።»

«አላፈርኩብህም። አባቴን ፈርቼ ነው። ያንን ነበር ፍርሃት የምለው።» እንባዋ አሁን ነው የመጣው። «እወድሃለሁ። ለአባቴ ነግሬዋለሁ፣ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ የተሰበረው እጁ አመመውና ሳቁ ማቃሰት ሆነ። «ለመካኒክ ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው» አለ፤ ከዚያም ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለው። ሰውነቱ በረዶ ነበር፤ ቢሆንም ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይሞቃል። ያን ትንፋሽ አንድ በአንድ ቆጠረች።

እናቱ ደርሳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። የጎደለ ነገር እንዳለ የምትፈትሽ ነበር የምትመስለው። ካፒቴኑ ከኋላ ብርድ ልብስ ይዞ መጣና ልጁን ራሱ አለበሰው። ከዚያ በሩን አየ።

«እጀታውን ልትነቅል ነበር የመጣኸው።»

«አዎ፣ ካፒቴን። ፒንሳዬን ባሕሩ ወሰደብኝ። ቢኖርም ግን አልነቅለውም ነበር።»

«ለምን?»

«ስጨብጠው ተከፈተ» አለ ፒንሳ። «እናቴ አልቆለፈችውም።»

ካፒቴኑ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወረደ። ወደ ልብስ አጣቢዋም ዞረ። «መግባት ይቻላል?» ሲል ጠየቃት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። እጇን ይዞ ከጀልባ የሳባትን ወጣት እየፈለገችበት ይሆናል። «ጣሪያ የላትም» አለች። «ይግቡ።»

ካፒቴኑ የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ገባ። ፒንሳም በእናቱ ትከሻ ተደግፎ ገባ። ንፋሱ ዞሯል፤ እስኪበርድ እዚያው ግንቡን ተጠግተው መቆየት ነበረባቸው። ከውስጥ የካፒቴኑ ድምፅ ይሰማል፤ የፒንሳን እጅ በጨርቅ እያሰረ፣ የት ጋ ምድጃ እንደነበር፣ የት ጋ አልጋ እንደነበር እየጠየቀ፣ የፒንሳ እናትም እየመለሰች።

ሠዓሊዋ ግን በሩ ላይ ቀረች። ከቋጥኙ ባሻገር የሚሰበር ሣጥን ድምፅ አሁንም ይመጣል። የሚወደድ ሰው ሲተርፍ ፍርሃት የሚሄድ መስሏት ነበር፤ አልሄደም። ነገም ሞተር አስነሥቶ ይወጣል፣ ከነገ ወዲያም። በእጇ ቀዝቃዛውን የብረት እጀታ ይዛ ባሕሩን አየች።

«ግቢ እንጂ ልጄ» አለቻት የፒንሳ እናት ከውስጥ። «አሁን እኮ የሚመጣ ሰው የለም። ሁሉም ገብቷል።»

«አውቃለሁ እማማ» አለች። «ትንሽ ልቁም።»